ሙታን የሚቀዝፉበት ቀን

ሂራማ ደሴት፣ ፌብሩዋሪ 12

ለክብርት ሳኤጉሳ ማዩኮ፣ ሆኖሉሉ

ቶኪዮ ገና በብርድ እየተንቀጠቀጠች ነው አሉ። እርስዎ ግን ብርድ የሚባል ነገር የማያውቅ አገር ስለገቡ ጤናዎ ደህና እንደሚሆን አምናለሁ። እኛ ዘንድ የሸንኮራ ቆረጣ ደርሶ መንደሩ በሙሉ የፈላ ስኳር ይሸታል። በአዲሱ ሹመትዎ እንኳን ደስ አለዎት። ከአሜሪካ የጦር አዛዦች ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ በእኛ ዕድሜ ላለች ሴት ትንሽ ነገር አይደለም።

ተቀይመሽኛል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አልተቀየምኩም። ቅያሜ የሚቀራረቡ ሰዎች ነገር ነው።

ፎቶግራፍዎን ጋዜጣ ላይ አየሁት። ጋዜጣ እዚህ የሚደርሰው ከፖስታ መርከቧ ጋር ስለሆነ፣ ቶኪዮ አንብቦ ከጣለው በኋላ መሆኑ ነው። «የደሴት አገር ከወዳጇ ጋር ሆና አካባቢዋን እንዴት ትጠብቃለች? የአንዲት ወጣት ተመራማሪ አዲስ ሐሳብ» ይላል። ወጣቷ ተመራማሪ እርስዎ ነዎት። ከጀርባዎ የተሰቀለው ካርታ ግን የኔ ነው፤ በእጄ የሳልኩት። ወደ ሂራማ ወደብ የምትገባው ቀይ ቀስት የባሕሩ ኮራል ድንጋይ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ የምትታጠፈው እጄ ስለተንቀጠቀጠ አይደለም።

የለበሱት ግራጫ ኮትም የኔ ነው።

በቃ፣ «እርስዎ» እያልኩ እስከዚህ ነው የቻልኩት። ማዩኮ! ኮቴን ለብሰሽ፣ ካርታዬ ፊት ቆመሽ፣ በእኔ ዓረፍተ ነገሮች ተናገርሽ! «የመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሳችን ናቸው» የሚለውን የጻፍኩት አብረን በተከራየነው ቤት፣ ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንቺ ከኋላዬ ቆመሽ ኑድል እየቀቀልሽ «ኧረ በጣም ረዘመ፣ ማን ያነብልሻል?» ትዪኝ ነበር። ተገኘ እንግዲህ የሚያነብ።

በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ አለቃችን ኢዋቡቺ «የደሴቷ ልጅ ደሴቷ ላይ ብትሆን ነው የምትጠቅመን» ሲሉ አጠገባቸው ነበርሽ። ጥናቴ ሲታደል ከሁለታችን ስሞች የአንቺ ብቻ ቀርቶ ነበር። አየሁሽ። እስክሪብቶሽን እንደ አዲስ ነገር አገላብጠሽ ታዪው ነበር።

አሁን የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ሰጥተውኛል። ሥራዬ «ማስተባበር» ይባላል። ምን ከምን ጋር እንደማስተባብር እስካሁን የነገረኝ የለም። ስልክ አለኝ፣ የማይደወልበት። ሙቀት ስለሚሰጣት ይሁን አላውቅም፣ ድመት ትተኛበታለች።

ታማናሃ ቺሆ


ሆኖሉሉ፣ ማርች 3

ቺሆ፣

እዚህ አገር ወቅት የሚባል ነገር ስለሌለ ደብዳቤ በምን እንደሚጀመር ጠፋኝ። ያው ነፋስ ነው፣ ያው ፀሐይ ነው፣ አልፎ አልፎ ካፊያ። ስለዚህ በይቅርታ ልጀምር።

«እርስዎ» አልሽኝ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ መሳደብ ስትጀምሪ እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቂኝ።

ስምሽን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ሲያወጡት ግን አጠገባቸው ነበርኩ። ኢዋቡቺ «ሁለት ስም ካለ ጥያቄ ሲመጣ ማን ይመልሳል? አንድ ይበቃል» አሉኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። አንድ ቃል ብናገር አንዳችንም አንሄድም ነበር ብዬ ራሴን አሳመንኩት። ራስን ማሳመን እንዴት ቀላል ነው! ኮቱን እመልስልሻለሁ። ቸኮሌቱ ለአጎትሽና ለመንደሩ ሰው ነው፤ የዚህ አገር ለውዝ አለበት።

ከዚያ በኋላ በላክሽው አጭር ደብዳቤ አዛዦቹ ምን እንደሚሉኝ ጠይቀሽ ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ።

አሁን የምጠይቅሽ ሁለት ነገር ነው። ጥናቱ የሚፈተሽበት የጦር ልምምድ በዚህ በጋ ሂራማ ላይ እንዲሆን እዚህም ቶኪዮም ተስማምተዋል። የአሜሪካኖቹ መርከብ ከወደቡ ውጭ ትቆማለች፤ ዓሣ አጥማጆቹ ሽማግሌዎችንና ልጆችን ጭነው ይወጣሉ፤ ነዳጅና ውሃ ይወርዳል። በጥናቱ እንዳለው ማለት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ እንዲወጡ ምን ማድረግ አለብን? ሁለተኛው፣ አንድ ኮማንደር ካርታውን አይቶ «ይቺ ቀስት ለምን ትታጠፋለች?» አለኝ። ምን ልበለው?

ማዩኮ


ሂራማ ደሴት፣ ማርች 24

ማዩኮ፣

ሸንኮራው አልቆ ሜዳው ራቁቱን ቀርቷል። አንቺን የምጥልበት ወጥመድ ሳላገኝ ወቅቱ አለፈ።

ቸኮሌትሽን ለፍየል ልሰጠው ነበር ሐሳቤ። የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ወጣ ስል አጎቴ ሴጁን ከፈተው። ማኅበሩን የሚመራው እሱ ስለሆነ የማይከፍተው ነገር የለም። አንዱን አፉ ውስጥ ጨምሮ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይቺ ናት ጠላትሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሌላ ጠላት የለሽም? ለውዝ የሌለበት የምትልክ? ጥርሴ አልቻለውም።»

ባዶውን ካርቶን ነው የተረከብኩት። የማኅበሩ ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ ደግማ ካልላከች ወዳጅ አይደለችም ብለዋል።

ጥያቄሽን ለማኅበሩ አቀረብኩት። የራሴን ጥናት ለራሴ ሰዎች «ቶኪዮ ያሰበችው ሐሳብ» ብዬ ማቅረብ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ሞክሪው። አጎቴ «በጦርነቱ ጊዜም የቶኪዮ ወታደሮች ልንጠብቃችሁ ነው ብለው ነው የመጡት» አለ። «አባቴ ነግሮኛል። እኛን ከዋሻው አስወጥተው እነሱ ገቡበት።» ዓሣ የምትሸጠዋ አሮጊት፣ እማማ ካማ፣ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ ገባች። «እኔን ጀልባ ላይ የሚጭነኝ ማን ነው? ወታደር ከሆነ አልሄድም። ሴጁን ከሆነ፣ ያልጠጣ ቀን ከሆነ፣ እሄዳለሁ።» «እኔ የማልጠጣበት ቀን ጦርነትም የለም» አላት።

ሳቁ። ግን ማዩኮ፣ እሷ የተናገረችው የኔ ጥናት በሙሉ ነው። ሐሳቡን ይዘሽ ምክንያቱን እዚህ ጥለሽው ስለሄድሽ ልድገምልሽ። የአሜሪካኖቹን ወዳጅነት አልጠራጠርም፤ የባሕሩን ስፋት ግን አውቀዋለሁ። ክፉ ቀን ቢመጣ እነሱ እስኪደርሱ ያለው ጊዜ የራሳችን ነው። ያንን ጊዜ የሚያሻግረን አንድ ግዙፍ ሰፈር አይደለም፤ ግዙፉ በአንድ ምት ይጠፋል። በየደሴቱ የተበተነ ነዳጅ ነው፣ ውሃ ነው፣ ሐኪም ነው፣ ቶሎ የሚጠገን ወደብ ነው። የሁለቱም አገር መኮንኖች ቀድመው አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ካርታ ላይ ተቀምጠው መከራከራቸው ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ እማማ ካማ የምታምነው ሰው የሚነዳው ጀልባ ነው። ከኋላው የሚያለቅስ ሕፃን የሌለበት ወታደር ያኔ ጸንቶ ይቆማል። ይህን የሚያይ ጠላትም ሁለት ጊዜ አስቦ ቤቱ ይቀመጥ ይሆናል፤ የምመኘው እሱን ነው።

ስለዚህ መልሴ፦ አትዘዟቸው። መጥታችሁ ቁጭ ብላችሁ ለምኗቸው። ማን መልሶ እንደሚያመጣቸውም ንገሯቸው። እንዲህ ከሆነ ይወጣሉ፤ አጎቴ ቃሉን ሰጥቶኛል። «ለቶኪዮ አይደለም፣ ለአንቺ ነው» ብሎኛል።

ቀስቷ ለምን እንደምትታጠፍ አልነግርሽም። የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።

ቺሆ


ሆኖሉሉ፣ ኤፕሪል 12

ቺሆ፣

ሁለተኛውን ካርቶን በዚህ ሳምንት ልኬያለሁ፤ ለውዙ የተፈጨ ነው።

የጻፍሽውን እያንዳንዱን ቃል ተርጉሜ አቀረብኩ። የእማማ ካማን ነገር ሳነብ ኮማንደሩ ሳቀ። ከዚያ «ከዚህ እንጀምር» አለ።

አሁን የምስራች አለኝ፤ በዚህ እንኳን ትኮሪብኛለሽ። ልምምዱ የሚሆንበትን ቀን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቶኪዮ ጁላይን ነበር የፈለገችው፤ አውሎ ነፋስ ይመጣል ብዬ ተከራከርኩ። ከዚያ ያን በጋ አስታወስኩ፤ ተማሪዎች ሳለን ለጀልባ ቀዘፋው በዓል ወደ እናንተ የወሰድሽኝን። ዘንድሮ በዓሉ ጁን 9 ላይ ይውላል፤ የጨረቃውን አቆጣጠር ራሴ አይቼ ነው ያሰላሁት። በበዓሉ ቀን ማንንም መረበሽ አይገባም፤ ያንን አውቃለሁ። በማግስቱ ግን! ናሃ ከተማ የገቡት ልጆች ሁሉ ለበዓሉ ተመልሰዋል፤ ካፒቴኖቹ በሙሉ መንደር ውስጥ ናቸው። ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያን ማግስት ጠዋት ጀልባዎቹ ሁሉ ጎን ለጎን ታስረው ነበር፣ አንዲትም ባሕር ላይ አልነበረችም። የበዓሉ መጠጥ ጥሏቸው ነው መሰለኝ! ስለዚህ ጁን 10፣ ጠዋት። ኢዋቡቺ «ብልህ ነሽ» አሉኝ። እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

የመጨረሻው ፊርማ በሜይ መጀመሪያ ነው። ቀኑ ላይ የምትዪው ነገር ካለ ንገሪኝ። ከአንቺ ቃል በፊት አላስፈርምም።

ማዩኮ


ሂራማ ደሴት፣ ኤፕሪል 27

ማዩኮ፣

ቀያዮቹ የዴይጎ አበቦች ረግፈው መንገዱን ሸፍነውታል። ቸኮሌቱ ደርሶ አልቋል።

ቀኑን ጠይቀሽኛል። በዚያ ሰሞን ዝናብ ጋብ ይላል፤ ሞገዱም ዝቅ ያለ ነው። በዚያ ጠዋት ጀልባዎቹ ሁሉ ወደብ ውስጥ መሆናቸው እውነት ነው፤ አንቺም አይተሻል። ስታዪ አጠገብሽ ነበርኩ፤ የነገርኩሽንም ነግሬሻለሁ።

ብልህ ነሽ።

ቺሆ


ሆኖሉሉ፣ ሜይ 14

ቺሆዬ፣

ተፈረመ! «ብልህ ነሽ» የምትለዋን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ከአንቺ አፍ ከወጣ ስንት ዘመን ሆነ?

አሁን ያን ጊዜ ያለፍኩትን ልመልስልሽ። አዛዦቹ ምን እንደሚሉኝ ጠይቀሽኝ ነበር። ምንም አይሉኝም። ጠረጴዛው ላይ አልተቀመጥኩም ቺሆ። ወንበሬ ግድግዳው ጥግ ነው። አስተርጓሚው ሲደክመው እተካለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ውሃ እቀዳለሁ። ጋዜጣው ላይ ያየሽው ፎቶ ሲነሳ ከጠረጴዛው ተነስቼ መስሎሽ ይሆናል። ለፎቶው ብለው ነው ወደ ካርታው የጠሩኝ። ስለ ደሴቷ ሲጠይቁኝ ከአንቺ ደብዳቤ ውጭ የማውቀው የለም፤ ደብዳቤሽ እስኪመጣ «አጣራለሁ» እላለሁ። አንቺ በእኔ ትቀኛለሽ። እኔ ደግሞ «ለአንቺ ነው» ብሎ ጀልባውን የሚሰጥ አጎት ስላለሽ ስቀና ነው የከረምኩት።

ባለፈው ሳምንት ግን ተነሳሁ። ኮማንደሩ «ቀኑን ማን አረጋገጠ?» አለ። ኢዋቡቺ ከቶኪዮ በስክሪኑ ላይ ነበሩ። «ታማናሃ ቺሆ» አልኩ። «ካርታውን የሳለችው፣ ጥናቱን የጻፈችው፣ የዚያች ደሴት ልጅ ናት። ቀኑንም ያረጋገጠችው እሷ ናት።» ኢዋቡቺ ፊታቸው እንደ ባቄላ ወጥ ሆነ። ከስብሰባው በኋላ ምን እንዳሉኝ አልጽፍልሽም። ስምሽ ግን ገብቷል። ትዕዛዙ ላይ አለ፤ ሁለቱም አገሮች የፈረሙበት ላይ።

ጁን 3 ከዚህ እነሳለሁ። መርከቧ ላይ እኔም አለሁ። ኮቱን ይዤልሽ እመጣለሁ።

ማዩኮ


ሂራማ ደሴት፣ ጁን 1

ማዩኮ፣

ዝናብ ነው። ሰላምታ አልጽፍም።

ስሜን አስገባሁልሽ አልሽኝ። ምን ላይ! ሙሉ ጥናት ስጽፍ ስሜ አልነበረም፤ ካርታ ስስል አልነበረም። ስሜ የገባው በሕይወቴ ውሸት ሳልናገር የዋሸሁባት አንዲት ቀን ላይ ነው። ይህንንም አንቺ ነሽ ያደረግሽልኝ፤ ያውም በመልካም ልብ! ክፉ ብትሆኚልኝ ምን ነበረበት? ሦስት ወር ሙሉ አንቺን መጥላት እንዴት ያለ ምቹ ሥራ ነበር።

ትዕዛዙ ማኅበሩ በር ላይ ተለጥፏል። አጎቴ ቆሞ አነበበው። ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን ቀን ያውቁታል?»

ስሜን ወረቀቱ ላይ እንደ አዲስ አነበብኩት።

«ቺሆ። ነግረሻቸዋል ወይ?»

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ያን በጋ ነግሬሻለሁ።

«አውቀው ነዋ!» አለ። ወረቀቱን አልቀደደውም፤ ቢቀደው ደስ ባለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ አጥማጆቹ እኔ ስገባ ወሬ ይቀይራሉ።

አልገባሽም አይደል? ያን ማግስት ጠዋት የድንጋይ ግንቡ ላይ ተቀምጠን «ምነው ጸጥ አለ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ትናንት የቀዘፉት ሕያዋን ናቸው፤ ዛሬ ተራው የሙታን ነው» አልኩሽ። ባሕር ያስቀራቸው ሁሉ በዚህ ቀን ይወዳደራሉ። ሞተር የሚያስነሳ የለም፤ እግሩን ውሃ ውስጥ የሚነክር የለም፤ የወደቡ አፍ ለእነሱ ክፍት ይተዋል። «እንዴት ደስ ይላል!» አልሽኝ። ከሚቀዝፉት አንዱ አባቴ ነው ልልሽ አፌን ስከፍት፣ ቀዝቃዛ ቢራ አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽ።

ከኔ ሁሉንም ወስደሻል። ነዳጁን፣ ውሃውን፣ ወደቡን፣ አጎቴን ሳይቀር። የተውሽው ያንን ብቻ ነው፤ ደስ የሚል ተረት ስለመሰለሽ። እኔም «ይኸው፣ ይህቺን ረስታለች፤ ይህቺ ትጣላት» አልኩ። በሁለት አገር ጄኔራሎች ፊት ወደቡ እንደ መቃብር ጸጥ ብሎ ሲጠብቅሽ፣ ፊትሽን ለማየት ጓጓሁ። በየቀኑ እያሰብኩት ነው የምነቃው። ግን እሱን ሳስብ ሌላውም ይመጣል። አንዲትም ጀልባ ካልወጣች «የደሴቷ ሰው አይፈልገንም» ብለው ይጽፋሉ። በሚቀጥለው ዓመት የራሳቸውን ጀልባ ይዘው ይመጣሉ፣ እኛን ሳይጠይቁ። እማማ ካማም በወታደር ትጫናለች። አንቺን ለመጣል የቆፈርኩት ጉድጓድ የራሴ ጥናት ነው።

ይህ ደብዳቤ አይደርስሽም። የፖስታ መርከቧ ዛሬ ጠዋት ሄደች፤ ስትጮህ እየሰማሁ ነው መጻፍ የጀመርኩት። በሚቀጥለው ጉዞዋ ትወስደዋለች፤ አንቺ ያኔ ባሕር ላይ ነሽ። መደወል እችላለሁ። ስልኩ እዚህ ፊቴ ነው። ድመቷ ተኝታበታለች።

ቺሆ


ሂራማ ወደብ፣ ጁን 11

(በአጎት ሴጁን እጅ)

ቺሆ፣

ትናንት ሴቶቹ ግንቡ ላይ ሆነው አዋሞሪ የሚባለውን የሩዝ አረቄ ወደ ባሕሩ ሲያፈሱ ከመርከቧ ላይ በመነጽር አየሁ። ያኔ አስታወስኩ። ቢራውን ከመጠየቄ በፊት ያልሽውን ሁሉ አስታወስኩ።

ዛሬ ወደቡ ላይ ፈለግሁሽ፣ የለሽም።

ታውቂ ነበር?

ማ.


ሂራማ ደሴት፣ ጁላይ 5

ማዩኮ፣

ዝናቡ አብቅቶ ፀሐዩ ጀርባ ይልጣል። አንቺ ሆኖሉሉ ተመልሰሽ የጁን 1ዱን ደብዳቤ አግኝተሻል ማለት ነው፤ ከዚያ የላክሽልኝ ደብዳቤ አጭርነት ነገረኝ።

አዎ፣ አውቅ ነበር። የመርከቧን መውጫም አውቅ ነበር፤ ስልኬ እንደሚሠራም። ይቅርታ አልለምንሽም። አንቺም አንድ ጊዜ እስክሪብቶሽን እያየሽ ዝም ብለሻል፤ እኔም አንድ ጊዜ። ተቋጭቷል።

ያን ቀን የት እንደነበርኩ ጠይቀሻል። ኮረብታው ላይ፣ ከመብራት ማማው ሥር። ውርደትሽን ከላይ ሆኜ ላየው ነበር የወጣሁት። መርከባችሁ ከኮራሉ ውጭ መጣች፤ ግራጫ፣ ከመንደራችን የምትበልጥ። ወደቡ አልተንቀሳቀሰም። የሞተሯ ድምፅ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር፤ አባቴ በዚያ ቀን ይህንን ይሰማል ብዬ አሰብኩ፣ እኔ ያመጣሁበትን ድምፅ። ይህንን አስቀድሜ አላሰብኩትም ነበር ማዩኮ። አንቺን ብቻ ነበር ሳስብ የከረምኩት።

ከዚያ ድምፁ ቆመ። ወደ ኋላ የተመለሳችሁ መስሎኝ ቀና አልኩ። አልሄዳችሁም፤ ሞተራችሁን አጥፍታችሁ መልሕቅ ላይ ቆማችሁ ነበር። የመርከቧ ሄሊኮፕተርም አልተነሳችም። ለካፒቴኑ ምን ብለሽ እንዳሳመንሽው አሁንም አልነገርሽኝም። ቀኑን ሙሉ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ያች ግዙፍ ነገር ትንፋሿን ውጣ ቆመች። ግንቡ ላይ አጎቴ ቆቡን ሲያወልቅ አየሁት። ቀስ እያሉ ሌሎቹም አወለቁ።

በማግስቱ ማንም አላዘዘም፤ የሆነውን አንቺ አይተሻል። የመጀመሪያዋ ጀልባ የአጎቴ ነበረች፤ እማማ ካማ ከፊት ተቀምጣ እጇን እንደ ንግሥት ታወዛውዝ ነበር። መርከባችሁ ያወረደቻቸውን የነዳጅና የውሃ ጀልባዎች እየመራ ያስገባቸውም እሱ ነው፤ ቀስቷ በምትታጠፍበት።

እና ምን እንዳገኘሁ ልንገርሽ? መንደሩ በሙሉ የሚያወራው ስለ አንቺ ነው! «መርከቧን ዝም ያሰኘችው ልጅ» ነው ስምሽ። የት ነው የምትኖረው፣ አግብታለች ወይ፣ ፍየል ትበላለች ወይ ይሉኛል። የአባቴን ቀን ነግሬሽ፣ ረስተሽው፣ ልጥልሽ ስል አስታውሰሽው፣ ያንንም ወሰድሽብኝ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል? ስነሳ እቀናለሁ፣ ስተኛ እቀናለሁ።

ለአጎቴ እውነቱን ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ መረቡን መጠገኑን ቀጠለ። ከብዙ ቀናት በኋላ «ለእኔ አይደለም፣ ለእነሱ ንገሪ» ብሎ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ አቆመኝ። ቆምኩ። «አውቀው አይደለም። አያውቁም ነበር፤ ጠይቀውኝ ደብቄያቸው ነው» አልኩ። ዓሣ የሚያርደው እጅ ሁሉ ቆመ። እማማ ካማ ናት የጠየቀችኝ።

«በቅናት ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ቆንጆ ናት?»

«ናት።»

«ከአንቺም ትበልጣለች?»

«ኮቴን ስትለብስ።»

«እንግዲህ ይገባኛል» አለችና ወደ ዓሣዋ ዞረች። ሌሎቹ ገና ይቅር አላሉኝም። ወሬ ግን መቀየር ትተዋል፤ ፊቴ ላይ ነው አሁን የሚሰድቡኝ።

ትናንት ስልኩ ጮኸ። ድመቷ እንደ ጥይት ተስፈነጠረች። ኢዋቡቺ ናቸው፣ ራሳቸው። አሜሪካኖቹ ሂራማ ላይ የሆነው በሌሎቹም ደሴቶች እንዲሆን ስለሚፈልጉ፣ በሴፕቴምበሩ ስብሰባ «ካርታውን የሳለችው» ካልተገኘች አንጀምርም ብለዋል አሉኝ። ድምፃቸው ሲጣመም መስማቱ ብቻ የአንድ ዓመት ደሞዝ ነው። በድጋሚ ይናገሩት ብዬ «መስመሩ ይቆራረጣል፣ ምን አሉኝ?» አልኳቸው።

እመጣለሁ። ግን ውል አለኝ። ግድግዳው ጥግ አልቀመጥም፤ አንቺም አትቀመጪም። ሁለት ወንበር ጠረጴዛው ላይ፤ ካልሆነ ከአውሮፕላን ማረፊያው ነው የምመለሰው። ከእያንዳንዱ ቀን በፊት የየደሴቱን ሽማግሌ የሚጠይቅ ሰው ይኑር፤ ይህ ከነዳጁም ከውሃውም ቀድሞ ይጻፍ። ከሰነዱ ሥር የሚሰፍሩት ስሞች ሁለት ይሁኑ። የኔ ይቅደም፤ በፊደል ተራ አይደለም፣ በቅናት ነው።

ኮማንደሩ አሁንም ስለ ቀስቷ እየጠየቀ ነው ብለሽኛል። ከሥሩ አለት አለ በዪው፤ አባቴን ያስቀረው አለት። ቀሪውን፣ በየት በኩል እንደሚታለፍ፣ በየትኛው ቀን ፈጽሞ እንደማይታለፍ፣ ካርታዬ ፊት ቆሜ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።

ግራጫውን ኮት ለብሼ። አሳጥቢው።

ቺሆ